ክር የሌላት የስፌት መኪና

ግንቦት 5 ቀን 1977፣ ሰኞ

ማትሪክ አርብ ዕለት አለቀ። ዛሬ የማጠናው ቢጠፋኝ ግቢ ጠረግኩ፤ ነፋሱ ከኋላዬ እየመጣ አቧራውን መልሶ አነጠፈው። የናዝሬት ነፋስ ሰው ሥራ ሲጨርስ ማየት አይወድም።

ይህን ደብተር የሰጡኝ የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ብዙነህ ናቸው። «ውጤት እስኪመጣ እጅሽ እንዳይተኛ» አሉኝ። «ያየሽውን ጻፊ። ያሰብሽውን ማንም ያስበዋል።» ለሮማነወርቅም አንድ ሰጥተዋታል፤ እሷ እስካሁን የጻፈችበት ስሟን ብቻ ነው።

ከሮማነወርቅ ጋር ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። ሁሉን ጨርሰናል፦ አንደኛ ምርጫ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ስድስት ኪሎ፣ አንድ ዶርም፣ ተደራራቢው አልጋ ላይ ከላይ እኔ ከታች እሷ። እሷ ከፍታ ትፈራለች። የቀረን ማለፍ ብቻ ነው።

ግንቦት 9፣ አርብ

አባዬ ከወንጂ ሲመለስ ስለ ምርጫ አነሳ። እዚያ የስኳር መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ዓርብ ዓርብ ሸሚዙ ሳይቀር ይጣፍጣል።

«አለማያ ግቢ፣ ኢፍቱ። እርሻ ተማሪ። ያጎትሽን ልጅ ገመዳን አታይም? አዳሚ ቱሉ ላይ ከብት ይመረምራል፣ መንግሥት ቤት ሰጥቶታል።»

«እኔ ላም ምን ብዬ ነው የማናግረው?»

«ላም ጥሩ ነው። አማርኛዬን አታርምም።»

እማዬ መርፌውን ከአፏ አውጥታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጉንጬ ጋለ። አባዬ ከወለጋ ሲመጣ ሃያ ዓመቱ ነበር። አማርኛው ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ቅድም እንኳ «ነፋሷ መጣች» ሲል «ነፋሱ መጣ» አልኩት። «እሺ፣ እሱም መጣ» አለኝ።

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ

ለደብተር መዋሸት ምን የሚሉት ነው። ይህን ደብተር የማስቀምጥበትን መሳቢያ ከእማዬ በቀር የሚከፍት የለም፤ እማዬ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ አታነብም።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ቤታችን ሰዎች «ልብስ ለመለካት» ይመጣሉ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ስድስት ዓመቱ ነው። ጎረቤቶቻችን «ጴንጤዎቹ» ይሉን ነበር፤ አሁን «ልብስ ሰፊዋ ቤት» ይሉናል። ሁሉም የሚመጣው አንድ በአንድ፣ በአሥር ደቂቃ ልዩነት ነው፤ አንዱ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሌላው ሱሪ ይዞ። ጫማ በር ላይ አይወልቅም። አሥራ አራት ጥንድ ጫማ በር ላይ ከታየ ወይ ለቅሶ ነው ወይ ስብሰባ። እያንዳንዱ የራሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ያስገባል።

ከዚያ እማዬ ከስፌት መኪናዋ ላይ ክሩን ትነቅላለች። ባዶዋን መኪና በእግሯ ትነዳታለች፣ እነሱ ከድምፁ በታች ይዘምራሉ። ከውጭ የሚሰማው ሥራ የበዛባት ልብስ ሰፊ ነው። እግሯ ሲደክማትና መኪናዋ ስትቆም ሁሉም ቃሉን አጋማሽ ላይ ይቆርጣል። ተነፈሰች፣ ረገጠች፣ ከቆረጡበት ይቀጥላሉ።

የመዝሙሩን ደብተሮች የምገለብጠው እኔ ነኝ፣ ጽሕፈቴ ስለሚያምር። በላያቸው ላይ የፖለቲካ ኢኮኖሚ መጽሐፍ ሽፋን እለጥፋለሁ። እየገለበጥኩ አርማለሁም። እትዬ አሰፋሽ ራሳቸው የደረሱት መዝሙር አለ፣ አባዬ በጣም የሚወደው፦ «ቀኗ መሸች፣ መንገዷ ግን አልጨለመችም»። እኔ «ቀኑ መሸ፣ መንገዱ ግን አልጨለመም» አደረግኩት። እትዬ አሰፋሽ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ እግዚአብሔር ተቀብሎት የነበረውን ነው ያረምሽው» አሉኝ። ዛሬ ሁሉም በእኔ እርማት ዘመሩ። አባዬ ብቻ ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። የታመመ መሰለኝ።

ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ማክሰኞ የመጽሐፍ ቀናችን ነው። መምህር ብዙነህ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው የሚኖሩት፤ ሦስት መደርደሪያ መጽሐፍ፣ አንድ ወንበር። እኔና ሮማነወርቅ ወለሉ ላይ ተቀምጠን እንመርጣለን። ዛሬ ከሞስኮ ታትሞ የመጣ ወፍራም ልብ ወለድ ወሰድኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች የሉትም። ግድ የለኝም። ሰውንም ቢሆን ከመሀሉ ጀምረን ነው የምናውቀው።

የድርሰት ውድድር አለ። የክፍለ ሀገሩ የወጣቶች ማኅበር ነው ያወጣው፤ ርዕሱ «የሚሠሩ እጆች»። መምህር ብዙነህ ኮሚቴው ውስጥ ናቸው። ያሸነፈ ሰው ቋንቋ ሲመርጥ የድጋፍ ወረቀት ያገኛል አሉ። ሮማነወርቅ ወዲያው ስለ ወፍጮ ቤት እጽፋለሁ አለች። እኔ የማየው አጣሁ።

«እናትሽ ልብስ ሰፊ አይደሉም?» አሉኝ መምህር።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ጻፍኩት። ስድስት ገጽ። ሴትየዋን «ወርቅውሃ» አልኳት፣ ቤቷንም ደብረ ዘይት፣ ሐይቁ ዳር አደረግኩት። የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ክሩን ነቅላ ባዶ መኪና ትነዳለች፣ ከድምፁ በታች የሚዘምሩ ሰዎች እንዳይሰሙ። ማን እንደሆኑና ምን እንደሚዘምሩ አላልኩም። ጫማዎቹን ግን መተው አልቻልኩም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጫማ እንዴት ይተዋል?

መምህር ብዙነህ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀምጠው ደገሙት። በአራት ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አይተውኝ አያውቁም።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ፈጥሬው ነው።»

«ሰው ይሄን አይፈጥርም፣ ኢፍቱ።» ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ።

የመጨረሻዋን አንቀጽ ላውጣት ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሷን ካወጣሽ ድርሰቱ ሞተ» አሉኝ። ከዚያ «ተሰፋ» የሚለው ቃል ላይ በቀዩ እስክሪብቶአቸው አሰመሩበት። እሳቸው ዘንድ ያለ አድራጊ የሚሆን ነገር የለም። «ብርጭቆ ራሱን አይሰብርም። የሰበረውን አምጪ» ይሉናል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። «ሰፋችው» ብዬ አስተካከልኩ። እማዬ ሰፋችው።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ሮማነወርቅ ሳትነግረኝ መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። በአሥር ሰዓት ተኩል! በሩን የከፈቱላት እትዬ አሰፋሽ ናቸው፤ ከእኛው አንዷ መስላቸው። ሁሉም ደነገጠ። እማዬ እግሯን አላቆመችም። ሮማነወርቅ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጠች፣ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስትወጣ ጆሮዬ ላይ «መርፌዋ ክር የላትም እኮ» አለችኝና ሳቀች።

አባዬ «ልጅቷ ደህና ናት?» አለኝ። «እኅቴ ናት» አልኩት። እናቷ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ውስጥ እንዳሉ አልነገርኩትም። ያውቃል።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ድርሰቶቹ ገብተዋል። መምህር ዛሬ መጽሐፍ አላዋሱኝም፤ ሥራ አለብኝ አሉ። ስወጣ «ቤታችሁ ከኅብረት ሱቁ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሽልማቱን ቤት ድረስ ሊያመጡ ነው እያልኩ እየዘለልኩ ሄድኩ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ወሰዱት። አባዬን፣ እትዬ አሰፋሽን፣ ሌሎች ሁለት። መኪናዋንም።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

እጄ ዛሬ ተመለሰ። እንዳየሁት እጽፋለሁ።

ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። አምስት የአብዮት ጥበቃዎችና ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ወዬሳ። በሩን አልሰበሩም፣ አንኳኩ። መጽሐፍ አልፈለጉም። ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ አላሉም። አንደኛው በሰው መሀል አልፎ በቀጥታ ወደ እማዬ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ መርፌዋን በጣቱ ነካ።

«እውነትም ክር የላትም» አለ።

ሁለተኛው አልጋው ሥር እጁን ሰደደና አንድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጫማ አወጣ። የአባዬን ነበር። ጓድ ወዬሳ አባዬን አይተው «ያድርገው» አሉ። አባዬ ጫማውን አድርጎ አሰረ።

«እውነትም» አለ። ሰው «እውነትም» የሚለው አስቀድሞ የተነገረውን ነገር ሲያገኘው ነው። ማን ነገረው? መኪናዋ አጠገብ የተቀመጠች፣ መርፌዋን ያየች፣ ክር የላትም ብላ የሳቀች አንዲት ሰው ናት። እናቷም ሴቶች ማኅበር ናቸው።

ድርሰቱ ድርሰት ነው። ደብረ ዘይት ነው ያልኩት። ሴትየዋም ወርቅውሃ ናት።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ሮማነወርቅ መጣች። እያለቀሰች። በሩን አልከፈትኩላትም። በቀዳዳው «ደስ አለሽ?» አልኳት። «ምኑ ነው ደስ የሚለኝ?» አለች። ማስመሰሉንስ ትችልበታለች።

ሐምሌ 19፣ አርብ

ስንቅ ማድረስ የኔ ሥራ ሆኗል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ያለው ክፍል ነው፤ በቆርቆሮው በር ሥር ሳህኑን እገፋዋለሁ። እትዬ አሰፋሽንና ሁለቱን አስፈርመው ለቀዋቸዋል። የቀረው የቤቱ ባለቤት ነው።

«ኢንተለ ኮ፣ ምን እያነበብሽ ነው?» ይለኛል በበሩ ሥር። ልጄ ማለቱ ነው። በኦሮምኛ የሚያናግረኝ ሲያዝንልኝ ነው። ምንም እያነበብኩ አይደለም። ያ ሃያ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ትራስጌዬ ተቀምጧል።

መምህር ብዙነህ ቤት ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መብራት አለ፣ በር አይከፈትም።

ሐምሌ 26፣ አርብ

ቦኖ ላይ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሮማነወርቅ እንደነገረችብን ለሁለት ልጆች ብቻ ነው የነገርኩት። ሁለት ብቻ። እርግጥ ቦኖ ላይ ሁለት ሰው ማለት ቀበሌው በሙሉ ነው፣ ያን ማወቅ ነበረብኝ። ዛሬ ሮማነወርቅ ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ ሰልፉ በሙሉ ዝም አለ። አንዲቷ እንስራዋን ከአጠገቧ አራቀች። እሷ ተራዋ ሳይደርስ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች።

ይበላት አልኩ። እዚህም እጽፈዋለሁ፣ ይበላት ብያለሁ።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

በእነሮማነወርቅ የቆርቆሮ በር ላይ ሰው በከሰል «ጆሮ ጠቢ» ብሎ ጽፏል። የኔ ጽሕፈት አይደለም። እማዬ «ማን ነው የጻፈው?» አለች። «ተጽፎ ነው ያገኘነው» አልኳት።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

ውጤት። ሦስት ነጥብ አራት። ሮማነወርቅ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ሰሌዳው ላይ ስሟ ከስሜ በታች ሦስተኛ ነው። ተደራራቢው አልጋ ትዝ አለኝና ቶሎ ዞር አልኩ።

የምርጫ ፎርም ተሰጠን፤ እስከ ነሐሴ 24 በአካል ቀርበን እንድንመልስ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አብሮ ይያያዛል። ያለ ደብዳቤ ፎርሙ ወረቀት ነው።

ለአባዬ በበሩ ሥር ውጤቴን ነገርኩት። አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት። «ደብዳቤውስ?» አለ። መልስ አልሰጠሁትም። ሳህኑን ተቀብዬ ሄድኩ። መልስ አለመስጠቴ ራሱ መልስ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ጓድ ወዬሳ ስንቅ ይዤ ስገባ ጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሻይ ያዘዘላት ልጅ ሆኜ ተቀመጥኩ።

«አባትሽ ደግ ሰው ነው፣ ግን ግትር ነው። አንድ ወረቀት ቢያነብ ቤቱ ይገባል። ተሳስቼ ነበር፣ ሁለተኛ ቤቴን ለእንዲህ ያለ ነገር አልከፍትም ይበል፣ በቃ። እሑድ ሳምንት፣ በስብሰባው ፊት። መኪናይቱም ትመለሳለች፣ አንቺም ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ። ንገሪው።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። ሻዩንም ጠጣሁት።

አባዬን «ፈርም» አላልኩትም። ያሉትን ብቻ ነው የነገርኩት፣ አንድም ቃል ሳልጨምር። መልእክት ነው ያደረስኩት።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

«አንቺ ጻፊልኝ» አለኝ ዛሬ። «የኔ አማርኛ በሰው ፊት ይሰባበራል። አንቺ ስትጽፊ እንደ ሰው ይሆናል።»

«ምን ብዬ?»

«እነሱ የሚፈልጉትን። ታውቂበታለሽ።»

ሳህኑን በበሩ ሥር ሲገፋልኝ ጣቱ ጣቴን ነካ፤ ትንሽ ቆየና ሰበሰበው።

እማዬ በሩ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ጻፍኩት። አንድ ገጽ፣ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር። ሁሉም አድራጊ አላቸው፦ ተሳሳትኩ፣ አታለልኩ፣ ደበቅሁ፣ ተውኩ። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት እንዲያምር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አማረ።

ነሐሴ 19፣ እሑድ

አንድ ስህተት ሳይሠራ አነበበው። ወንዱ ወንድ፣ ሴቷ ሴት። ባለፉት ሦስት ቀናት በቃሉ አጥንቶት ኖሯል፤ ወረቀቱን የያዘው ለይስሙላ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ አሰፋሽ ከኋላ በኩል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠው ነበር። እኔ አላጨበጨብኩም፣ ግን በልቤ ሰባተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ «እዚህ ትንሽ ቆም ቢል» እያልኩ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሪ ያዝንለት፣ እግሩ አብጧል፤ የመለሱልንን መኪናም አብረን ጫንናት። መንገዱን በሙሉ ነፋሱን ሲያይ ነበር። «ነፋሱ በረታ» አለኝ። ነፋሱ አለ።

ነሐሴ 21፣ ማክሰኞ

ደብዳቤውን ልቀበል ሄድኩ። ጓድ ወዬሳ ማኅተሙን እያሟሹ ከልባቸው አመሰገኑኝ።

«ጎበዝ ጸሐፊ ነሽ። የአባትሽ ወረቀት ያንቺ እንደሆነ አውቄያለሁ። ሁለቱንም አንብቤልሻለሁ።»

«ሁለቱን?»

ፋይሉን ከፈቱት። የአባዬ ስም ያለበትን። ከላይ የእሑዱ ወረቀት ነው፤ ከሥሩ ስድስት ገጽ። «የሚሠሩ እጆች»። ጽሕፈቴ ያምራል። በመጨረሻዋ አንቀጽ ኅዳግ ላይ በቀይ «ግሩም! ከዓይን የመጣ» ይላል። ከኋላ የተያያዘች ትንሽ ወረቀት አለች፣ በዚያው ቀይ ቀለም፦ የጸሐፊዋ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸው ከኅብረት ሱቁ በስተግራ ሦስተኛው በር ነው።

«አባቴ ይህን አይቶታል?» አልኩ። የራሴን ድምፅ ከሩቅ ነው የሰማሁት።

«የመጀመሪያው ቀን ነዋ! ማነው የነገረባችሁ እያለ የገዛ ጓደኞቹን እንዳይጠረጥር ብዬ ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጣጥፎ መለሰልኝ፣ እንደ ደህና ነገር።»

ማኅተሙን መቱ። ደብዳቤውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ አመሰግናለሁም ብያለሁ።

አምስት ሳምንት ሙሉ። በበሩ ሥር «ምን እያነበብሽ ነው» ሲለኝ ያውቅ ነበር። «አንቺ ጻፊልኝ» ሲለኝ ያውቅ ነበር።

ነሐሴ 22፣ ረቡዕ

መምህር ብዙነህ ዛሬ በራቸው ክፍት ነበር። መጽሐፎቹ በካርቶን ታስረዋል፤ አዲስ አበባ ቢሮ ተዛውረዋል።

«ቲቸር፣ ድርሰቴን ለቀበሌ ማን ሰጠው?»

ገመድ ማሰራቸውን አላቆሙም። «ኮሚቴ ነበረ፣ ኢፍቱ። ጽሑፎቹ ተመረመሩ። አንዳንዶቹ ለሚመለከተው አካል ተላለፉ።»

«ማን አስተላለፈው?»

ያን ጊዜ ቀና አሉ። ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት ነው። «እኔም እዚያ ፋይል አለኝ» አሉ። «ከስድሳ ዘጠኝ ጀምሮ። በየዓመቱ አንድ ነገር ይጠብቁብኛል። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።» ገመዱን ቋጠሩና «ደግሞ ቆንጆ ነበር። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ ካነበብኩት የተማሪ ጽሑፍ የሚበልጠው ነው» አሉ።

እንዲህ አሉኝ። የሸጠኝ ሰው ጥሩ ዕቃ ነበርሽ ሲለኝ የሚሰማኝን ቃል በየትኛው መዝገበ ቃላት እንደምፈልገው አላውቅም። ልሰድባቸው አፌን ከፈትኩ፣ ስድቡ ሁሉ በእሳቸው አማርኛ መጣብኝ። መናገር የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ትልቁን መዝገበ ቃላት ከካርቶኑ አውጥተው ሰጡኝ። ወሰድኩት። አልወረወርኩትም፣ መንገድ ላይም አልጣልኩትም። ወሰድኩት።

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ

እነሮማነወርቅ ቤት። ከሰሉን አጥበውታል፣ ጥላው ግን ቆርቆሮው ላይ ቀርቷል። እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ፣ ግቢ አላሉኝም።

«ሮማን የለችም። መተሐራ አክስቷ ጋ ሄዳለች። የሸንኮራ ሚዛን ላይ ቁጥር መዝጋቢ ፈልገው ነበር፣ እሷን ቀጠሩ።»

«ፎርሙን ሞላች?»

«ቦኖ መውረድ ያቃታት ልጅ ትምህርት ቤት ድረስ በማን ፊት ታልፋለች?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትሽ በተያዙ ማግሥት ሊቀመንበሩ ጋ ሄጄ ለምኜ ነበር። አሮጊቷን ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ። ሮማን ናት እግሬ ላይ ወድቃ የላከችኝ። አንቺ አታውቂም።»

አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁማ።

«አድራሻዋን ይስጡኝ፣ ልጻፍላት» አልኩ።

«አንቺ አትጻፊ» አሉኝና በሩን ዘጉት።

ነሐሴ 24፣ አርብ

የመጨረሻው ቀን። ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንደኛ ምርጫ የሚለውን ባዶ መስመር ሳየው አባዬ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አለማያ ልበል» አልኩት። «እርሻ። ላሞቹ ይሻሉኛል።»

«ቋንቋ በዪ።»

«አባዬ፣ ድርሰቱን…»

«አነበብኩት» አለ። እጁን ፎርሙ ላይ አሳረፈ። ጥፍሩ ውስጥ የማይወጣ የሞላሰስ ጥቁረት አለ። «እናትሽን ጥሩ አድርገሽ አየሻት። እግሯ ሲደክማት ጣቶቿን እንደምታጥፍ ጽፈሽ ነበር። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር እኔ አላየሁትም። እስር ቤት ሆኜ ነው ያወቅሁት።»

ጮሆ ቢመታኝ ይሻል ነበር። አልቅሼ ይቅርታ ስለው ራሴን ዳበሰኝ፣ «ልጅ ነሽ፣ አላወቅሽም» አለኝ። አምኜዋለሁ። ከልቡ እንደሆነ አምናለሁ።

ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ብዬ ሞላሁ። ትምህርት ቤት ስሰጥ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያልተወሰደ አንድ ፎርም ነበር፣ ሮማነወርቅ የሚል በእርሳስ የተጻፈበት። ልወስደው እጄን ዘረጋሁ። «ባለቤቷ ካልመጣች አይሰጥም» አለችኝ።

መስከረም 11 ቀን 1978፣ ቅዳሜ

ተመድቤያለሁ። አንደኛ ምርጫዬ። ሰኞ ሳምንት እሄዳለሁ። ለመተሐራ በግምት ሁለት ደብዳቤ ልኬአለሁ፤ የሁለቱም የመጀመሪያ መስመር «ቦኖ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ» የሚል ነው። መልስ የለም። የሚያስፈልገኝ መልስ ሳይሆን እሷ ናት።

እትዬ አሰፋሽ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስመውኝ ቶሎ ይሄዳሉ። ድሮ ከመንገድ ዳር አቁመው የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይነግሩኝ ነበር።

መስከረም 18፣ ቅዳሜ

ሻንጣ የሚታሰርበት ገመድ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ማታ እመለሳለሁ ብዬ በአሥር ሰዓት ተኩል ተመለስኩ፣ ነፋሱ ሱቆቹን አዘግቷቸው።

ግቢ ስገባ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ለጉዞዬ ቀሚስ እየሰፋችልኝ ነው፣ ደስ አለኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። ከመኪናዋ ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ አለ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ብቻውን።

ቀኗ መሸች፣ መንገዷ ግን አልጨለመችም።

ሳትታረም፣ እንደነበረችው። ከእስር ከወጣ ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ አባዬ አንዲት ቃል አማርኛ አልተሳሳተም ነበር፤ «ነፋሱ» ሲል፣ «ቀኑ» ሲል፣ እኔ ፊት ቃሉን እየመረጠ ሲናገር። ተማረ ብዬ ነበር እኮ።

በሩን ከፈትኩ።

መኪናዋ ቆመች። አባዬ ቃሉን አጋማሽ ላይ ቆረጠ። ጉልበቱ ላይ የነበረውን ደብተር በጋዜጣው ሸፈነው፣ ጋዜጣውንም ማንበብ ጀመረ። እማዬ ፈገግ አለችልኝ፤ እንግዳ ሲመጣ የምትስቀውን ሳቅ። «መጣሽ?» አለች። «ቀሚስሽን እየሰፋሁ ነበር።»

መርፌዋን አየሁ። ክር የላትም። አልጋው ሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጥንድ ጫማ አለ። አባዬ የገዛ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ጫማውን የደበቀው ከማን ነው? ከቤታችን ውጭ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ገመድ ረሳሁ» አልኩ። ገመዱ እጄ ላይ ነበር፣ ሁለቱም አይተውታል። «ተመልሼ ልሄድ ነው። እስከ አንድ ሰዓት አልመጣም።» የመጨረሻውን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንዲሰሙት።

በሩን ከውጭ በደንብ ዘጋሁት። ከጋሪ ማቆሚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ወደ ቤታችን እንዳይመጣ መንገዱን እያየሁ ቆየሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መኪናዋ ቀስ ብላ ጀመረች። እስከ አንድ ሰዓት አልተነሳሁም።